እሳቸው ያልጻፉት መስመር

እሳቸውን መድረክ ላይ ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝ አገር በቲያትር የኖሩ ሴት ነበሩ። እኔ የደረስኩት ግን በመጨረሻው ቀን ነው፤ አሰላ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ። ስለዚያ ቀን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ሰው ሲያነሳው እንኳ ወሬ እለውጥ ነበር። አሁን ዕድሜዬ እሳቸው ያኔ ከነበሩበት አልፏል። እኔም አልፎ አልፎ የሰው ስም ይጠፋኝ ጀምሯል። ሳይረፍድ ልጻፈው ብዬ ነው።

ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አምስት ዓመት ያህል ሲቀራቸው፣ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል። እናቴ የሳጉሬ ገጠር ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ለመናገር አትደፍርም። ስለዚህ ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ፣ በአባቴ ሱቅ በአማርኛ፣ በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ነው ያደግኩት። ታይፕ ተማርኩና ስንዴና የወተት ላም በሚያሻሽል አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ውስጡ ፈረንጆች ብዙ ነበሩ።

አንድ ቀን አለቃዬ ጠራኝና "የስንዴው ኤክስፐርት ባለቤት ጸሐፊ ይፈልጋሉ" አለኝ። "ድሮ የቲያትር ሰው ነበሩ፣ ግጥምም ይጽፋሉ አሉ። እንግሊዝኛ ሳትገድፊ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እየሄድሽ ትጽፊላቸዋለሽ።"

ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ነበር። ደመናው ሲፈቅድ የጭላሎ ተራራ በመስኮቱ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቅድም። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ረጅም ናቸው፤ የባለቤታቸውን ሹራብ ለብሰዋል፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርበዋል። አምሳ ዓመት አልሞላቸውም። የጻፉትን አንድ ወረቀት ሰጡኝና ታይፑ ላይ ልቀመጥ ስል ከለከሉኝ።

"መጀመሪያ ድምፅሽን ልስማው። አንብቢው።"

አነበብኩ።

"ማን እንዳይሰማሽ ነው?"

በኛ ቤት ሴት ልጅ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ጥሩ አይደለም ለማለት አፈርኩ።

"እዚህ ያለነው እኔና አንቺ ነን" አሉ። "ለኔ አታንብቢ፤ ለዚያ መስኮት አንብቢለት። መስኮቱ ጆሮው አይሰማም።"

እንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለውም። እኔ ግን በሆዴ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ በአፌ "ማዳም" እላለሁ። እንደዚያ ሆኖ አንድ ዓመት አለፈ። ግጥሞቻቸውን በሁለት ካርቦን እጽፋለሁ፤ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለባለቤታቸው ፋይል፣ ሦስተኛው ደብዛዛው ለኔ። "አንቺም ያዢው፤ ቤትሽ ተለማመጂበት" ይሉኝ ነበር። እኔም አባቴ ሱቅ ሲሆን፣ እናቴ ጓሮ ስትሆን፣ ለግድግዳው አነባለሁ። እናቴ አንድ ቀን ሰምታኝ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?" አለችኝ።

ከግጥሙ ሌላ የሕይወታቸውን ታሪክ እየነገሩኝ እጽፍ ነበር። መጽሐፍ ሊያደርጉት ነው። የተወለዱት በሰሜን እንግሊዝ፣ ከባሕር ጠርዝ ባለች ጭጋጋም ከተማ ነው። አባታቸው በባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ ነበሩ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ከሚዞር የቲያትር ቡድን ጋር ለመሄድ ሲነሱ፣ ለአባታቸው አክስቴ ጋ ልሄድ ነው ብለው ዋሹ። ቲኬቱን የቆረጡላቸው አባታቸው ናቸው።

"መሄጃውን ቆረጠልኝ። መመለሻውንስ ሲለኝ፣ አክስቴ ትቆርጥልኛለች አልኩት" አሉኝ። "ፊቱን አየሁት። አውቋል። ዝም ብሎ ጉዞሽን ያቅናልሽ አለኝ፤ ወረፋው ውስጥ ቀጣዩን ሰው ጠራ።"

በቡድኑ ውስጥ ስምንት ወር መድረክ ሲጠርጉ፣ የሌሎችን ልብስ ሲተኩሱ ከረሙ። ማታ ማታ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው "ጌታዬ፣ ሠረገላው ደርሷል" ይላሉ፤ ሥራቸው ይኸው ነው። ያቺን አንዲት ቃል በስምንት ወር በስንት ዓይነት ድምፅ እንዳሏት እየለዋወጡ አሰሙኝ፤ አንዱ የምሥራች ይመስላል፣ አንዱ መርዶ። በጦርነቱ ዘመን ማሞቂያ በሌለው አዳራሽ ለወታደሮች ተጫወቱ። ከዚያ ወደ ትልቁ ከተማ ገቡ። ዙፋን የተነጠቀች ንግሥት ሆኑ፣ ባልዋን የቀበረች ሚስት ሆኑ፤ በሬድዮ ተውኔትም ሠሩ። "ፊቴን ከሚያውቀው ድምፄን የሚያውቀው ይበዛል" ይሉ ነበር። ግጥሙን የሚጽፉት በባቡር ውስጥና በልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው። ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት ታትመውላቸዋል። የመጀመሪያው ሲወጣ አንድ ሐያሲ "ለተዋናይት መጥፎ አይደለም" ብሎ ጻፈ። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ ግን ሃያ ዓመት አልፎትም አልረሱትም።

ባለቤታቸውን ያገኙት ዘግይተው ነው። የስንዴ ሊቅ ናቸው፤ ጓደኛ ጎትቶ ቲያትር አምጥቷቸው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እስኪያልቅ ተኝተዋል። ኋላ ሲያስተዋውቋቸው ይህንኑ ሳይደብቁ ተናገሩ። "ስለ ድምፄ ያላወራኝ የመጀመሪያው ሰው ነው" አሉኝ።

መድረኩን ለምን እንደተዉት ስጠይቃቸው "ደከመኝ" ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

የመጀመሪያውን ምልክት ያየሁት በዚያው ታሪክ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሐሙስ የባቡር ጣቢያውን ታሪክ እንደ አዲስ ጀመሩልኝ። ይህን ጽፈነዋል ለማለት አፈርኩና ጻፍኩ። በዚህኛው ቲኬቱን የቆረጡት እናታቸው ሆኑ። ከወር በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ነገሩኝ፤ በዚህኛው ጣቢያው ውስጥ ማንም የለም፤ ባቡሩም አልመጣም፤ ወደ ቤት ተመለሱ።

"ማዳም፣ ያን ዕለት ሄደው የለም እንዴ?" አልኳቸው።

አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ሄጃለሁ" አሉ። "ሄጄ መሆን አለበት።"

ከዚያ በኋላ ነው ቤቱን ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት። በየመሳቢያው ላይ በእጃቸው የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ተለጥፏል፦ ማንኪያ፣ ክብሪት፣ መድኃኒት። በመስተዋቱ ላይ የባለቤታቸው ስም ተጽፏል። የሚሰጡኝ ግጥምም ተለወጠ። መስመሩ ይጀምርና ይቋረጣል፤ ቦታው ባዶ ይተዋል፤ ከታች ይቀጥላል። "ባዶውን ባዶ አድርገሽ ጻፊው፤ ቃሉ ሲመጣልኝ እሞላዋለሁ" ይሉኛል። ቃሉ አይመጣም። አንድ ጊዜ እንባቸው ወረቀቱ ላይ ወርዶ ቀለሙን አበላሸው፤ "ጣሪያው ያፈሳል" አሉኝ። በጋ ነበር።

ያን ዓመት ነው አጎቴ ቤታችን የመጣው። የእናቴ ወንድም ነው፤ በሳጉሬ በኩል የአንድ ባለመሬት ጭሰኛ ነበር። አባቱም እዚያው መሬት ላይ ያረሰ ነው። ባለመሬቱ ትራክተር አመጣና ጭሰኛ አያስፈልገኝም አለ። አጎቴ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር የቤቱን ቋሚና ወጋግራ ነቅሎ፣ በአህያና በጀርባው ተሸክሞ አሰላ ገባ። እንደሱ ያሉ ብዙ ነበሩ፤ መንገዱን ሞልተውት አየናቸው። ማዳምም ከባለቤታቸው ጋር በላንድሮቨር ሲመለሱ አይተዋቸዋል። "ሰዎች ቤታቸውን ተሸክመው ሲሄዱ አየሁ" አሉኝ በማግሥቱ፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር መናገር አልቻሉም።

የዚያን ሳምንት የጻፉት ግጥም ከጻፉት ሁሉ ይበልጣል። እኔ ግጥም አላውቅም፤ ይህን ግን አውቃለሁ። ሆኖም ከመጨረሻው በፊት አንድ መስመር ባዶ ነበር። ሁለት ሳምንት ባዶውን አዩት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወረቀቱን አጣጥፈው "ይቅር፤ ይህም ይቅር" አሉ፤ ሶፋው ላይ ፊታቸውን ወደ መደገፊያው አዙረው ተኙ።

እኔ ታይፑ ጋ ቀረሁ። አጎቴ ቤታችን የገባ ቀን ለእናቴ ያላትን አስታወስኩ። "ቤቱን ስናፈርስ እሳቱን አላጠፋነውም፤ በገል ይዘነው ወጣን። የት እንደምናኖረው ግን አላውቅም" ነበር ያላት። ያንን በእንግሊዝኛ አድርጌ በባዶው ቦታ ላይ ጻፍኩት፦ እሳቱን በተሰበረ ማሰሮ ስባሪ ይዘው ወጡ፤ የሚያኖሩበት ምድጃ የላቸውም። አስቤ አልነበረም። ጣቴ ነው የቀደመኝ።

ሲነሱ ሰጠኋቸው። አነበቡት። ፊታቸው በራ።

"መጣልኝ ማለት ነው" አሉ።

"አዎ፣ ማዳም።"

"መቼ ነው የነገርኩሽ?"

"ከመተኛትዎ በፊት።"

ያን ቀን እራት በልተው እየዘፈኑ እንዳመሹ ባለቤታቸው በማግሥቱ ቢሮ መጥተው ነገሩኝ። "ምን እንዳደረግሽ አላውቅም፤ ግን አመሰግናለሁ" አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲያ መቆም አቃተኝ። ባዶ ሲያስቀሩ እሞላለሁ፤ የተደጋገመ ስንኝ ሲኖር አወጣለሁ፤ የተሳሳተውን አቃናለሁ። ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል እንዲህ ሆነ። ደግ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ደስታም ነበረው፤ መስመሩን ሲያነቡና አንገታቸውን ሲነቀንቁ ልቤ ይሞቃል። አባቴ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ለምትለካ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ባለቤታቸው ቤታቸውን ተሸክመው ስለሚሄዱት ሰዎች የተጻፈውን ግጥም ለንደን ወዳለ አንድ መጽሔት ልከውት ኖሯል። መልሱ ሲመጣ እኔ አላወቅሁም። አንድ ማክሰኞ ስደርስ ማዳም ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እየጠበቁኝ ነበር። ዓይናቸው ጥርት ብሏል። በዚያ ወቅት እንደዚያ ያለ ቀን በወር አንዴም አይገኝ።

"ተቀመጪ። ግጥሙን ሊያትሙት ነው" አሉኝ።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ ማዳም።"

"አዘጋጁ አብልጦ የወደደውን መስመር ጠቅሷል። አንብቢልኝ።"

አነበብኩ። ለመስኮቱም አላነበብኩም፤ ለራሴም አልተሰማኝም። የማሰሮው ስባሪ መስመር ነው።

"እኔ በዚህ አገር ሰው እሳት በማሰሮ ስባሪ ይዞ ሲሄድ አይቼ አላውቅም" አሉ። "ከመኪና ውስጥ አይታይም። ይህን ያየው ማን ነው?"

"አጎቴ።"

"አጎትሽ ነግሮሽ አንቺ ጻፍሽው።"

ደብዳቤውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ጥሩ መስመር ነው" አሉ። አላሾፉም፤ እንደ ሥራ ባልደረባ ነው ያሉኝ። "ሌላስ? የት የት ነው ያለሽው?"

"ብዙ ቦታ።"

ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የተናገሩት። "መድረክ ላይ ቃል የጠፋኝ ጊዜ ማንም አልነገረኝም። ከመጋረጃው ጀርባ የሚያስታውሰን ሰው ያንሾካሹክልኛል፤ እቀበላለሁ፤ ተመልካቹ አያውቅም። ሁለት ዓመት እንዲያ ኖርኩ። አንድ ቀን ሚናዬን ለሌላ ሰጡት፤ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። እዚህ ስመጣ ግን ባዶውን ራሴ አየው ነበር። እዚህ ጋ ታምሜያለሁ፣ እዚህ ጋ ደህና ነኝ እል ነበር። አንቺ ሞላሽው። አሁን የቱ ጋ እንዳለሁ አላውቅም።"

"እንዳያዝኑ ብዬ ነው" አልኳቸው። ድምፄ አልወጣም።

"አውቃለሁ። ስለዚህ ነው መቆጣት ያቃተኝ።"

ለአዘጋጁ ደብዳቤ አስጻፉኝ። ግጥሙን እንዳያትም፣ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ የማን እንደሆነ ግን መናገር እንደማይችሉ። ራሴ ታይፕ አድርጌ፣ ራሴ ፖስታ ቤት ወሰድኩት። ፖስታ ቤቱ በር ላይ አጎቴን አየሁት፤ የቀን ሥራ ፍለጋ ከሌሎች ጋር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሰላም ብዬው አለፍኩ። ቃሉ ለንደን ደርሶ እንደነበረ እስኪሞት አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ነው የትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን የመጣው። አስተማሪዎቹ ማዳም የታወቁ ተዋናይት መሆናቸውን ሰምተው አንድ ግጥም እንዲያነቡላቸው ለመኑ። ባለቤታቸው አልወደዱትም። እሳቸው ግን እሺ አሉ። የመረጡት የመጀመሪያው መጽሐፋቸው ውስጥ ያለውን፣ ስለ ተወለዱባት የባሕር ከተማ የሚያወራውን ነው። እኔ ያልነካሁት፣ ካሳተሙት ሃያ ዓመት የሆነው።

"ወረቀት አልይዝም" አሉኝ። "አንቺ ከፊት ትቀመጫለሽ። ግን አንዲት ቃል እንዳታቀብይኝ። ቃል ግቢልኝ።"

"ቃሌ ነው።"

"ምንም ቢሆን።"

"ምንም ቢሆን፣ ማዳም።"

ሦስት ሳምንት ተለማመድን። እኔ ወረቀቱን እይዛለሁ፤ እሳቸው ይሉታል። አንዳንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር ይወጡታል፤ አንዳንድ ቀን ርእሱን ይረሳሉ። በመጨረሻው ሳምንት አራት ጊዜ ሳይሳሳቱ አሉት። ተስፋ አደረግሁ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ተስፋ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ነጋዴው፣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ከገጠር በፈረስ የመጡ ወላጆች፤ አባቴም መጥቷል፣ ከኋላ ቆሟል። ማዳም ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ሹራብና ካልሲ ደርበው ካልሆነ አይቻቸው ስለማላውቅ ሌላ ሰው መሰሉኝ። ቆሙ። አልጀመሩም፤ አዳራሹ ዝም እስኪል ጠበቁ፤ ዝም አለ። ከዚያ ጀመሩ። ያ ድምፅ ከዚያ ቀጭን አካል እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። አንድ ቃል እንግሊዝኛ የማያውቁ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሁለት አንጓ እንደዚያ ሄዱ። ሦስተኛውን ጀመሩ፤ ጀልባዎቹ ተመለሱ አሉ፤ ቆሙ።

መጀመሪያ ሆን ብለው ያቆሙ መሰለን። ጥሩ ተዋናይ ዝምታ ያውቃል። ዝምታው ግን ረዘመ።

የሚቀጥለው ቃል "ደወሉ" ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። እናቴ ቤት ለግድግዳው መቶ ጊዜ ያልኩት ቃል ነው። ከንፈሬን ባንቀሳቅሰው ይበቃ ነበር፤ ማንም አያይም። ቀና ስል ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። እየለመኑኝ ይሁን ቃልሽን ጠብቂ እያሉኝ ይሁን አልገባኝም። እስካሁንም አልገባኝም። አንገቴን ደፋሁ።

ተማሪዎቹ ያበቃ መስሏቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላ፤ ቀስ ብሎም አቆመ። ማዳም እንደቆሙ ናቸው። ባለቤታቸው ከጎን ወጥተው ክንዳቸውን ያዙ።

"ገና ነው" አሉ ማዳም። "አልጨረስኩም።"

ድምፃቸው አሁንም የመድረክ ድምፅ ነበር። ከኋላ የቆመው አባቴ እንኳ ሰምቶታል። ማታ እቤት "ሴትዮዋ ምን ነበር ያሉት?" ብሎ ጠየቀኝ። ተርጉሜ ነገርኩት። አባቴ "አላህ ያግዛቸው" አለ፤ ሌላ አልጠየቀም።

ሞልቼ በደልኳቸው፤ ዝም ብዬም በደልኳቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ስሄድ ስለ ወላጆች ቀን አንዲት ቃል አላነሡም። ከዚያ ወዲያም አላነሡም። ይቅር ብለውኝ ይሁን ረስተውት ይሁን የማወቂያ መንገድ አልነበረኝም።

ባለቤታቸው አዲስ አበባ ወስደው ሐኪም አሳዩአቸው። ሲመለሱ በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ማዳም መኪና ውስጥ ሆነው ጓንታቸውን ያወልቃሉ፣ ያጠልቃሉ።

"እንግሊዝ እያለንም ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር" አሉኝ ባለቤታቸው። "የማይመለስ ነገር ነው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከፍ ያለ አገር፣ ንጹሕ አየር፣ ሰው የማያውቃት ቦታ ይሻላታል ብዬ አሰብኩ። ስንዴ ላይ ይሠራል፤ ቦታ ሲቀይሩት ይድናል።" ቁልፉን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

አንድ ማክሰኞ ስገባ ማዳም እሳት ማንደጃው ፊት ተቀምጠዋል። ወረቀቶቻቸውን በጉልበታቸው ላይ ከምረው አንድ አንዱን ያነባሉ፤ አንብበው እሳቱ ውስጥ ያደርጋሉ። የእጅ ጽሑፉም፣ ታይፕ የተደረገውም፣ የሕይወታቸው ታሪክም አለበት።

"ማዳም፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"የማን እንደሆነ የማላውቀው ነገር ቤቴ ውስጥ ተኝቷል" አሉ። በጣም ረጋ ብለው ነው። "አንቺ ታውቂያለሽ የማን እንደሆነ?"

አላውቅም አልኩ። ከእጃቸው ልቀማቸው እችል ነበር። ደካማ ነበሩ፤ አይታገሉኝም። ግን በምን አፌ ነው የርስዎ ነው የምላቸው? ቁጭ ብዬ እስኪያልቅ አየሁ። ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው ፋይላቸውን ሲከፍቱ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ ከሱም አውጥተው ኖሯል።

ታይፕ የማደርገው ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም። ፀጉራቸውን አበጥራለሁ፤ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። ስሜን ረሱት፤ ቀጥሎ ሥራዬን ረሱት፤ አንዳንዴ የልብስ ሠራተኛ፣ አንዳንዴ ታናሽ እኅታቸው ነበርኩ። ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ነገሩ ሁሉ ተናጋ። ተማሪው ከክፍል ወጣ፤ አስተማሪው ሥራ አቆመ፤ ቢሮ ውስጥ ሰው ሥራውን ትቶ ሬድዮ ዙሪያ ይሰበሰባል። ፈረንጆቹ አንድ በአንድ ዕቃቸውን ማሰር ጀመሩ። የማዳም ባለቤት ውላቸውን ሳይጨርሱ ለመሄድ ወሰኑ።

የሄዱ ዕለት ጠዋት ዝናብ ነበር። ልሰናበት ሄድኩ። ማዳም በረንዳው ላይ ካፖርት ለብሰው ቆመዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ።

"ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል" አሉኝ። እንግሊዝኛው አንቱና አንቺ አይለይም፤ አነጋገራቸው ግን ለማያውቁት ሰው የሚሉት አንቱ ነበር። "እዚህ አገር ዝናብ ይበዛል አሉ፤ እውነት ነው?"

"ይበዛል፣ ማዳም።"

"ታዲያ ጃንጥላ አልያዙም" አሉኝ። ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘው ወደ መኪናው አወረዷቸው። ዞረው አላዩም። የሚያዩት ሰው አልነበራቸውም።

ንጉሡ ከወረዱ ከሁለት ወር በኋላ ከባለቤታቸው ደብዳቤ መጣልኝ። ማዳምን ሕሙማን በሚጠበቁበት ቤት አስገብተዋቸዋል፤ መናገር አቁመዋል። ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበረው። የአሰላ ግጥሞቿ ሁሉ ጠፍተዋል፤ ምናልባት ካንቺ ጋር ቅጂ ይኖር ይሆን? ካለሽ በሕይወት እያለች ትንሽ መጽሐፍ አሳትምላት ነበር ይላል።

ነበረኝ። ደብዛዛው ካርቦን ሁሉ አልጋዬ ሥር በቆርቆሮ ሣጥን ነበር። አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁት። የኔን መስመሮች በእርሳስ ሰርዤ፣ የእሳቸውን ብቻ በንጹሕ ገልብጬ ልልክ አሰብኩ። ሦስት ቀን ሞከርኩ። የማሰሮው ስባሪ የኔ ነው። ሌላው ግን? አንዱን ሰርዤ መልሼ እጽፈዋለሁ። አራት ዓመት ጮክ ብዬ ሳነበው ኖሬ የእሳቸው አባባል አባባሌ ሆኗል፤ የኔም የእሳቸውን መስሏል። አጥብቄ ባየሁት ቁጥር ሁሉም የእሳቸው፣ ከዚያ ሁሉም የኔ ይመስለኛል። እንዳለ ልላከው ብል፣ "የኔ አይደለም" ብለው ለንደን ድረስ ያስጻፉኝን ሴት መናገር በማይችሉበት ጊዜ መካድ ነው። እውነቱን ልጻፍ ብል፣ ያ ሰው ሚስታቸው እራት በልታ የዘፈነችባትን ያችን አንድ ምሽት ልነጥቃቸው ነው።

"የለኝም" ብዬ ጻፍኩ።

"እንደዚያ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አመሰግናለሁ" ብለው በአጭሩ መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም፤ እኔም አልጻፍኩም።

ሣጥኑ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስንዘዋወር ጠፋ። ጠፋ ሲሉኝ ቅልል ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለኝም።